የስኩተር ማርሽ፣ ሮለርና ቺንጋ ማስተካከል፦ ባሕር ዳር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከጋራዥ ደጃፍና ከቡና ወንበር የተለቀሙ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ስኩተሬ ማርሽ የለውም። ታዲያ ምኑ ነው የሚስተካከለው?

ማርሽ አለው። እናንተ ስለማትቀይሩት ነው የሌለ የሚመስለው። በግራ በኩል ያለው ረጅም ክዳን ሲከፈት ሁለት ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች) እና መሃላቸው የተዘረጋ አንድ ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ፣ ታገኛላችሁ። የፊተኛው ፑሌጃ ቫሪዬተር ይባላል። ሆዱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስድስት ትናንሽ ሮለሮች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ሮለሮቹ ወደ ዳር ይወረወሩና የፑሌጃውን አንድ ጎን ይገፉታል። ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል። የኋላው ፑሌጃ በተቃራኒው ይከፈትና ቺንጋው ወደ መሃል ይሰምጣል።

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ብስክሌት ስለሚያውቅ ይሄ አይከብደውም። ፊት ትንሽ ጥርስ፣ ኋላ ትልቅ ጥርስ ሲሆን ፔዳሉ ይቀላል፣ ብስክሌቱ ግን ይዘገያል። ሲገለበጥ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ፍጥነት ይመጣል። ስኩተሩ ይህንኑ ነው የሚያደርገው፤ ልዩነቱ ያለ ደረጃ፣ እየተንሸራተተ መቀየሩ ነው። ከኋላው ፑሌጃ ጋር ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮኑ አለ። ከዚያ ወዲያ ጎማውን የሚያዞሩት ዘይት ውስጥ የተነከሩ ጥርሶች ናቸው። ስለዚህ የሚነካኩት ሮለሩ፣ ትልቁ ሞላ፣ የፍሪሲዮኑ ትናንሽ ሞላዎች፣ ቺንጋውና የኋላ ጥርሶቹ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንግባባ። ከእነዚህ አንዳቸውም ጉልበት አይፈጥሩም። ሞተሩ ያለውን ጉልበት የት ላይ እንደሚያወጣው ነው የሚወስኑት። መነሳት ላይ የጨመራችሁትን ብዙ ጊዜ ጫፍ ላይ ትከፍሉታላችሁ።

ድሮ ይበር ነበር፣ አሁን ደክሟል። ቀላል ሮለር ልግዛለት?

ቆዩ። መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈት። "ደከመ" ተብለው ከሚመጡት ስኩተሮች አብዛኞቹ ማሻሻያ ሳይሆን ያለቀ ዕቃ መቀየር ነው የሚፈልጉት።

አንድ ተማሪ ጓደኛዬ አዲስ ቀላል ሮለር ገዝቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ መጣ። ክዳኑን ስናነሳ ጥቁር የቺንጋ ብናኝ እንደ ከሰል አቧራ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ከአሮጌዎቹ ሮለሮች አንዱን ጠረጴዛ ላይ አንከባለልኩት። ትንሽ ሄደና ቀጥ አለ። አንድ ጎኑ ሜዳ ሆኗል። ቺንጋውን በካሊፐር ስንለካው፣ አዲስ ሲሆን 20 ሚሊሜትር የነበረው ወርዱ ወደ 18 ተጠግቷል። አዲስ ቺንጋ፣ የድሮውን ክብደት የያዘ አዲስ ሮለር አስገባንለት፤ ፑሌጃውንም በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። ስኩተሩ እንደ ዱሮው ሆነ። ቀላሎቹ ሮለሮች እስካሁን መሳቢያው ውስጥ ናቸው።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ወርዱ የጠበበ ቺንጋ ፑሌጃው ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ እስከ ጠርዝ አይወጣም። ከፍተኛው ፍጥነት ይቀንሳል። በአብዛኛው ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከጠበበ ወይም ጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ከታየ ይቀየር። ሜዳ የሆነ ሮለር ደግሞ ይነክሳል፤ አንድ ፍጥነት ላይ ስኩተሩ ገታ ብሎ ከዚያ ዘለል ሲል ታውቁታላችሁ። በዚያው የጎማ ንፋስ፣ የአየር ማጣሪያና የሚጎትት ፍሬን ይታዩ። ነጻ ምርመራ ነው።

ሮለር ላቅልል ወይስ ላክብድ?

ቀላል ሮለር ቺንጋውን ለመግፋት ብዙ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር ላይ ይቆያል። መነሳትና ዳገት ይሻሻላል፣ ድምፁ ይጨምራል። ከባድ ሮለር ቺንጋውን ቶሎ ያወጣዋል። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ጸጥ ብሎ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ግን ያቃስታል።

ከመጠን በላይ ሲቀል ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ሮለሩ የኋላውን ሞላ ማሸነፍ ስለሚያቅተው ቺንጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ከመጠን በላይ ሲከብድ ደግሞ ስኩተሩ በአራተኛ ማርሽ ለመነሳት እንደሚታገል ባጃጅ ይሆናል። ትክክለኛው ቦታ መሃል ላይ አንድ ጠባብ መስኮት ነው። ብዙዎቹ 150 ሲሲ የቻይና ስኩተር ሞተሮች ከፍተኛ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በደቂቃ 7,500 ዙር አካባቢ ነው። ሙሉ ጋዝ ስትሰጡ ሞተሩ እዚያ ሰፈር እንዲቆይ የሚያደርገው ክብደት ነው የሚፈለገው።

ስንት ግራም ልግዛ? ልኩስ ስንት ነው?

መጀመሪያ የራሳችሁን መዝኑ። የወርቅ ቤት ሚዛን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፤ ሮለሩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እውነተኛው ክብደት ሁልጊዜ አይገናኙም። በሰፊው በተሰራጨው ጂዋይ6 በሚባለው 125 እና 150 ሲሲ ሞተር ላይ የሮለሩ መጠን 18 በ14 ሚሊሜትር ነው። የ50 ሲሲዎቹ 16 በ13 ነው። መጠኑ ካልገጠመ ክብደቱ ምንም አይጠቅምም።

ከነበረው በ1 ግራም ብቻ ዝቅ በሉ። ነድታችሁ ሳትሞክሩ ሁለተኛውን አትቀንሱ። የ1 ግራም ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ በስድስት ሲባዛ ግን እጃችሁ ይሰማዋል። ግማሽ ግራም ከፈለጋችሁ ሁለት ክብደት ማደባለቅ ይቻላል፦ ሦስት ባለ 12 እና ሦስት ባለ 11፣ አንድ አንድ እያፈራረቁ። ሦስቱን ከባዶች በአንድ ወገን መደርደር ግን ፑሌጃውን ያንቀጠቅጠዋል። ማኑዋሉ ካላዘዘ ግራሶ አትቀቡ። ብዙዎቹ በደረቁ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ ግራሶው አቧራ ሰብስቦ ሊጥ ይሆናል።

የባሕር ዳር ከፍታ ለውጥ ያመጣል? ከተማው እኮ ሜዳ ነው።

ሜዳ ነው፣ ግን ከፍ ያለ ሜዳ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተራችሁ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ አምስተኛ ያህል አየር ይጎድለዋል። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። "150 ነው ተብዬ ነው የገዛሁት፣ የ125 ያህል እንኳ አይሄድም" የሚለው ሮሮ ግማሽ ምንጩ ይሄ ነው። ሻጩን ከመራገም በፊት አየሩን አስቡ።

ሮለሩ ይህን አያውቅም። ፋብሪካው የመረጠው ክብደት ሙሉ አየር ለሚያገኝ ሞተር ከሆነ፣ እዚህ ለደከመው ሞተር ትንሽ ይከብደዋል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ በ1 ግራም ማቅለል ብዙ ጊዜ ያስደስታል። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑም ከአየሩ አንጻር ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ ጫፉ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ፣ ከሮለሩ በፊት ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ፣ ጄቱን፣ በአንድ ቁጥር ማሳነስ ይቀድማል። ኢንጀክሽን የሆኑት ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ሰው ጭኜ የቤዛዊትን ዳገት ስወጣ ይሞታል። ምን ይሻለኛል?

ለዚህ ትልቁ ሞላ አለ። ከኋላው ፑሌጃ ላይ ተጨምቆ የሚቀመጠው ነው። ሥራው ፑሌጃውን ዘግቶ መያዝ ነው፤ ዳገት ሲመጣ ቺንጋውን ወደ ቀላል ማርሽ የሚመልሰው እሱ ነው። ትንሽ ጠንከር ያለ ሲገባ ስኩተሩ ዳገቱን ሲያይ ቶሎ "ማርሽ ይቀንሳል"። ሲያረጅ ግን ይለሰልሳል። የእናንተ ስኩተር አምስት ስድስት ዓመት ከሠራ፣ አዲስ ኦሪጅናል ሞላ ብቻውን ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

ገበያ ላይ 1000፣ 1500፣ 2000 የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሞላዎች አሉ። ቁጥሩን እንደ ትክክለኛ ልኬት አትውሰዱት፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ ማለት ነው። ለከተማ 1000 ይበቃል። 2000 የሚያስገቡ ልጆች አሉ። ቺንጋው በሁለት በኩል እየተጨመቀ ይሞቃል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ጫፍ ፍጥነቱም ይጠፋል። እኔ ላልተነካ ሞተር 2000 አልመክርም።

ጭነት ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ሞላውን ሳትነኩ በሮለር ብቻ ጀምሩ። ሁለቱን በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ አታውቁም።

የፍሪሲዮኑን ትናንሽ ሞላዎችስ?

እነዚህ የሚወስኑት ስኩተሩ ስንት ዙር ላይ መንቀሳቀስ እንደሚጀምር ብቻ ነው። ጠንካራ ሲሆኑ ሞተሩ ዙር ጨምሮ ከዚያ ይይዛል። መብራት ላይ ዘሎ ይነሳል። ነገር ግን በከተማ ግርግር ውስጥ፣ ከባጃጅ ኋላ ኋላ ቀስ እያሉ ሲነዱ፣ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ይዞ ግማሽ እየተንሸራተተ ይነዳል። የፍሪሲዮኑ ሸራ ይቃጠላል። ሽታውን አንዴ ካሸተታችሁት አትረሱትም። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞላ አይደለም የሚፈልገው፤ ሸራው እንደ መስታወት ለስልሷል። በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት፣ ብናኙን በአፍንጫ አትሳቡ።

ስላይደር የሚባለው ከሮለር ይሻላል?

ክብ ስላልሆነ አይንከባለልም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሜዳ አይሆንም፣ ዕድሜው ይረዝማል፤ ፑሌጃውንም ትንሽ ራቅ አድርጎ ሊገፋው ይችላል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ፊትና ኋላ አለው። ተገልብጦ ከገባ ከሮለር የባሰ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት።

የቺንጋው ቁጥር ምን ማለት ነው? ተቀራራቢ ቢሆንስ?

842-20-30 ቢል፣ ርዝመቱ 842 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። ተመሳሳይ ሞተር ሆኖ የቺንጋው ቤት አጠር ያለው 743-20-30 ይወስዳል። ተቀራራቢ የሚባል ነገር የለም። ረዥም ከሆነ ይንሸራተታል፣ አጭር ከሆነ ስኩተሩ ቆሞ ጎማው ሊዞር ይፈልጋል።

በክረምት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኩሬ ውስጥ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ሞተሩ ጮሆ ስኩተሩ ካልሄደ፣ ውሃ ክዳኑ ውስጥ ገብቷል። ቺንጋው ረጥቦ ነው የሚንሸራተተው። ጋዝ እየሰጣችሁ አትታገሉት፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ይደርቃል። ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀው ክዳኑን ከፍታችሁ አድርቁት።

ለውጡ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? የዙር መቁጠሪያ የለኝም።

ሁለት ነገር ይበቃል፦ ስልክና ማርከር። በስልኩ ጂፒኤስ ከ0 እስከ 60 የሚፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ፤ ከለውጡ በፊት ሦስት ጊዜ፣ በኋላ ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መንገድና ጭነት። ቦታ ምረጡ። አዲሱ የአባይ ድልድይ ቀጥ ያለ ስለሆነ የሚያምራቸው አሉ። 380 ሜትር ነው፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ23 ሰከንድ ገደማ አልቆ ትወጣላችሁ። እግረኛ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮች አሉ። ለሙከራ አይሆንም።

ማርከሩ የበለጠ ይናገራል። የፊተኛውን ፑሌጃ ፊት ጠርጋችሁ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ ሦስት መስመር አስምሩ። ክዳኑን ግጠሙ፣ ነጻ በሆነ ቀጥ ባለ መንገድ ጥሩ አድርጋችሁ ንዱ፣ መልሳችሁ ክፈቱ። ቺንጋው የደረሰበት ድረስ ቀለሙ ጠፍቷል። እስከ ጠርዝ ከጠፋ ማርሹን ጨርሳችሁታል። አንድ ጣት ያህል ቀለም ከቀረ፣ ያልተጠቀማችሁበት ፍጥነት አለ ማለት ነው፤ ወይ ቺንጋው ጠቧል፣ ወይ ሮለሩ ቀሏል፣ ወይ ሞላው ጠንክሯል፣ ወይ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል።

ነዳጅ ይበላል?

ሮለር ሲቀል ሞተሩ ለአንድ ዓይነት ፍጥነት ብዙ ዙር ስለሚዞር፣ አዎ፣ ትንሽ ይጨምራል። ከሮለሩ በላይ ግን የሚበላው እጃችሁ ነው። አዲስ ሮለር የገባለት ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንደሚነዳ ታውቃላችሁ።

የእኔ ሰንሰለት ያለው ሞተር ነው። ኤሌክትሪክ የሆነውስ?

ሰንሰለት ላለው ሥራው ቀላል ነው። ፊት 14፣ ኋላ 42 ጥርስ ቢኖረው ሬሾው 3 ነው። የፊቱን 13 ብታደርጉት 3.23 ይሆናል። ጎተታው 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ80 ይሄድ በነበረበት ዙር አሁን 74 አካባቢ ይሄዳል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሦስት ጥርስ እንደመጨመር ነው። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጎማው ውስጥ ከሆነ ማርሽም ቺንጋም የለውም፤ ይህ ገጽ አይመለከተውም።

ቤቴ ራሴ መፍታት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ይህን አንብቡ። የቫሪዬተሩን ዳዶ ስታጠብቁ ቺንጋው ፊት ላይ በሁለቱ የፑሌጃ ጎኖች መሃል ተቆንጥጦ ሊቀር ይችላል። ዳዶው ጠበቀ ትላላችሁ። ያጠበቃችሁት ቺንጋውን ነው። ሞተሩ ሲዞር ቺንጋው ቦታውን ይይዛል፣ ዳዶው ይላላል።

እኔ ላይ የሆነው ወደ ጢስ አባይ ስሄድ ነው። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሳልደርስ ከግራ በኩል የብረት ድምፅ መጣ። "ጠጠር ነው" ብዬ ቀጠልኩ። ሲቆም የፑሌጃው መሃል ጥርስ ተላጭቶ፣ የክራንኩንም ጫፍ ይዞት ሄዷል። በአይሱዙ ተጭኜ ተመለስኩ። ሮለር ልቀይር ወጥቼ ክራንክ ገዝቼ ገባሁ።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዳዶውን ከማጥበቃችሁ በፊት የኋላውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ከፈት አድርጋችሁ ቺንጋውን ወደ መሃሉ አስምጡት። ፊት ላይ ይላላል። የፊተኛው ፑሌጃ ውጪኛ ጎን በቀጥታ ብረት ለብረት መግጠሙን በዓይናችሁ እዩ፣ ከዚያ አጥብቁ። ሞተሩን በእጅ ስታዞሩት ቺንጋው ሳይንቀጠቀጥ መዞር አለበት። በመዶሻና በመሮ ዳዶ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ ስኩተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የኋላውን ጥርስ ብቀይር ፍጥነት አገኛለሁ?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ሮለሩም ሞላውም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። መልሱ ማርከሩ ላይ ነው። ቀለሙ እስከ ጠርዝ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ደግሞ በሙሉ ዙር እየጮኸ "ሌላ ማርሽ ቢኖረኝ" የሚል ከሆነ፣ አዎ፣ ረዘም ያለ ጥርስ ይረዳል። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሲሊንደሩ በትልቅ በተቀየረ ሞተር ላይ ነው። ያልተነካ 150 ሲሲ፣ በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ረዥሙን ጥርስ ለመጎተት ጉልበት አይተርፈውም። ፍጥነት ፈልጋችሁ ዘገምተኛ ስኩተር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ትልቅ ጎማ መግጠምም ያው ነው፤ ረዥም ማርሽ እንደማስገባት ይቆጠራል።

እንቀይር ካላችሁ ጥርሶቹ በጥንድ ነው የሚገዙት። የጥርሶቹ ቤት፣ ካምቢዮው፣ ተከፍቶ ኩሽኔታዎቹ ይታያሉ፣ ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሆናል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሲኒ ቡና አይሞላም። ስለሚያንስ ሰው ይረሳዋል። ጥርስ ባትቀይሩም ይህን ዘይት ቀይሩ። በነገራችን ላይ የብዙ ስኩተሮች ፍጥነት መቁጠሪያ ከፊት ጎማ ስለሚነሳ፣ የኋላ ጥርስ ቢቀየርም ንባቡን አያበላሸውም።

ሁሉን አድርጌ 90 ላይ ቆመብኝ። ምን ቀረኝ?

የቀረው አየሩ ነው። ፍጥነት ሲጨምር አየርን ሰንጥቆ ለማለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ከ90 ወደ 100 ለመድረስ 37 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይፈልጋል። ያንን ከሮለር አታገኙትም፤ ከሞተሩ ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ፍሬን፣ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አለካካችሁን አስተካክሉ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የሚወስድባችሁን፣ ከጀርባ ሲሆን ይሰጣችኋል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ውጡ። አንዴ ሂዱ፣ በዚያው መንገድ ተመለሱ፣ ሁለቱን ቁጥር ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። "ሮለሩ 8 ኪሎ ሜትር ጨመረልኝ" ካሉኝ ሰዎች ሁለቱ እንዲህ ሲለኩ ጭማሪው ወደ 2 ወርዶባቸዋል።